እንዳሉት ንገሪኝ

“ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቁጡ ናቸው፤ ሻካራ ቃል ከመጣ አለስልሺው” አላት የፕሮቶኮል ኃላፊው ዋሲሁን፣ ማይክሮፎኑን እያቀበላት።

ሀምዳ ራሷን ነቀነቀች። አዋሽ ላይ ከወሎ እናትና ከአፋር አባት ስለተወለደች፣ አፏን የፈታችው በአማርኛም በአፋርኛም ነው። የሰመራው መሥሪያ ቤት ግን በአስተርጓሚነት እስካሁን በኮንትራት ነው የያዛት፤ ቋሚ የምትሆነው ዋሲሁን ሲፈርምላት ነው።

ጠቅላይ ሚኒስትር ፍቅረሰላም ከነዋሪዎች ጋር በሚወያዩበት አዳራሽ ውስጥ ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ንግግር አላደረጉም። ሲጨበጨብላቸው ፊታቸው ይጠቁራል። ሪፖርት የሚያነበውን ኃላፊ አቋርጠው “ቁጥሩን ተወውና ያየኸውን ንገረኝ” ሲሉት ሰውየው በላብ ተጠመቀ።

ከገዋኔ የመጡት የፍየል ነጋዴ መዲና ተነሡ። በአፋርኛ ፈጠን ፈጠን እያሉ ብዙ ተናገሩ። ሀምዳ ዋሲሁንን ዞር ብላ አየችው።

“እርስዎ የመረቁት ጤና ጣቢያ አንዳንድ ችግሮች አሉበት ይላሉ” አለች።

ፍቅረሰላም ቀና አሉ። “ያን ሁሉ አውርተው ይህቺን ብቻ? ደግሞ ‘እርስዎ’ ነው ያሉኝ?”

ዋሲሁን ዐይኑን አፈጠጠባት።

“አይ... ‘አንተ’ ነው ያሉት።”

“እንዳሉት ንገሪኝ።”

ሀምዳ ማይክሮፎኑን ወደ አፏ አስጠጋች። “‘አንተ ሪባን ቆርጠህ ከሄድክ ሁለት ክረምት አለፈ። ቤቱ ቀለም አለው፣ አዋላጅ የለውም። ልጄን ምጥ ይዟት በጭነት መኪና ጋቢና ወደ ሰመራ ስናመጣት መንገድ ላይ ወለደች፤ ሕፃኑ አልተረፈም። አንተ ግን በቴሌቪዥን ‘ሥራ ጀምሯል’ ትላለህ።’”

ፍቅረሰላም ደብተራቸውን ዘግተው ብድግ አሉ።

“ሳላጣራ ነው የተናገርኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ” አሉ። ሀምዳ ይህንንም ሳትጨምር ሳትቀንስ ተረጎመችው።

ከዚያ ወደ ጤና ኃላፊው ዞሩ። “አዋላጅ መቼ ይገባል?”

“በአንድ ወር ውስጥ፣ ክቡር...”

“ለእኔ ሳይሆን ለእሳቸው ንገራቸው።”

መዲና ትርጉሙን ሲሰሙ እጃቸውን አወናጨፉ፤ ሀምዳም ድምፃቸውን ጭምር ተከትላ “ወር? የጎረቤቴ ልጅ እኮ ዛሬ ነገ ነው የምትወልደው!” አለች።

ፍቅረሰላም ለመጀመሪያ ጊዜ ከልባቸው ሳቁ። “እንግዲያው ቅዳሜ” አሉ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። መዲና እልል አሉ።

ዋሲሁን በር ላይ ጠበቃት። “ነፍሴን ነው ያወጣሽው!” አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “እኔ ብሆን አልደፍረውም ነበር። ሰኞ ወረቀትሽን ይዘሽ ነይ፣ እፈርምልሻለሁ” አላት።

ቅዳሜ ጠዋት ሀምዳ እናቷን ልትጠይቅ ወደ አዋሽ በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፈረች። አጠገቧ የተቀመጠችው ልጅ የሕክምና ሻንጣዋን እንዳቀፈች ናት።

“ሎዛ እባላለሁ፤ አዋላጅ ነኝ” አለቻት። “ገዋኔ ተመድቤ ነው።”

ሀምዳ ደስታዋ ፊቷ ላይ ሞላ። “አፋርኛ ትችያለሽ?”

“አንድም ቃል!”

የገዋኔ ሱቆች ብቅ ሲሉ ሀምዳ ወደ እናቷ ስልክ ደወለች። “እማ፣ ዛሬ አትጠብቂኝ” አለችና ወደ ሾፌሩ ጮኸች፦

“ሁለት ወራጅ አለ!”