በጀርባዬ ልክ የሠራሁት ወንበር

ሚስቴ ልብስ ሰፊ ናት። እርግዝናዋ እየገፋ ሲሄድ ወገቧ አላስቀምጥ አላት። አንድ እጅጌ ሳትጨርስ ተነስታ ግድግዳ ትደገፋለች። አለቃዋም፣ "የተማሪዎቹን ሸሚዝ እስከ ቅዳሜ ካላደረስሽ ማሽኑን ለሌላ እሰጠዋለሁ" አለቻት። ሚስቴ እዚያ ማሽን ላይ እስክትቀመጥ ስንት ዘመን ቁልፍ ስትተክል ኖራለች!

እኔ አናጢ ነኝ። ማጽናኛ ቃል ስለማይሆንልኝ ወንበር ልሥራላት ብዬ ተነሳሁ። እንዳታውቅብኝ ልኩን በራሴ ጀርባ ወሰድኩ። መደገፊያው ቀጥ ያለና ያማረ ሆነ።

ስፌት ቤት ይዤላት ስገባ ሴቶቹ አጨበጨቡ። ሚስቴ ተቀመጠች። ወደ ግራ ዞረች፤ ወደ ቀኝ ዞረች።

"ደስ ይላል" አለችኝ።

"ደስ ካለሽ ምነው እሾህ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ትቁነጠነጫለሽ?" አለች አጠገቧ የምትሰፋው ታላቅ እህቷ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። እስከ ዛሬ ሙሽራው ነው የምትለኝ። "ሙሽራው፣ ይህን በማን ልክ ሠራኸው?"

መሬት መሬት እያየሁ "በእኔ" አልኩ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

"እሰይ! ያረገዝከውስ አንተ ነህ?"

"እትዬ፣ ተይው እንጂ!" አለች ሚስቴ፣ ራሷም እየሳቀች።

"አልተወውም። ሆድ ሲገፋ ወገብ ወደ ፊት ይለመጣል። የዳሌ መጋጠሚያም ይላላል ብላታለች አዋላጇ። መጋጠሚያው የላላ ወንበር ምን እንደሚል አናጢ ይጠፋዋል? ና፣ አንተም ቅመሰው!"

የቀዘቀዘውን ከባድ ካውያ በጨርቅ ጠቅልላ ሆዴ ላይ አሰረችብኝ። ፊቴ በርበሬ መሰለ። ተቀመጥኩ። ሸክሙ ወደ ፊት ሲስበኝ ደረቴን ወደ ኋላ ገፋሁ፤ ወገቤ ግን ከመደገፊያው ራቀ። ብዙም ሳልቆይ ያቃጥለኝ ጀመር። እኔ ካውያውን ፈትቼ አስቀመጥኩ። ሚስቴ ግን ሸክሟን የምታስቀምጥበት የላትም።

መደገፊያውን ነቀልኩና ወገብ ላይ የሚያርፍ ጎበጥ ያለ እንጨት ልቀርጽላት ልኳን ወሰድኩ፤ ያውም በሴቶቹ ሁሉ ፊት። ሜትሩን በሩቁ ስዘረጋ አይተው፣ "አይዞህ፣ ሚስትህ እኮ ናት!" አሉኝ።

አዲሱን መደገፊያ ስገጥምላት ሚስቴ ግድግዳ መደገፏን ትታ ትሰፋ ጀመር። ቅዳሜ አለቃዋ መጥታ ሸሚዞቹን አንድ በአንድ ገለበጠች። የሚቀጥለውን ሥራ ጨርቅ አምጥታ ሚስቴ ማሽን ላይ አስቀመጠችና ሄደች።

እኔ በደስታ እዚያው ተገትሬ ቀረሁ።

"ምን ቆመሃል?" አለችኝ ሚስቴ መርፌው ላይ ክር እያስገባች። "ዞር በል፣ ብርሃኑን ጋረድከኝ።"