ሁለት ጥቁር ቁልፎች

ታናሽ እህቷን እጇን ይዛ የሥዕል ትምህርት ክፍል ያስገባቻት ልብስ ሰፊዋ ራሷ ናት። ማንን ትክሰስ? እሳቱን የጫረችው በገዛ እጇ ነው።

አስተማሪው ያዘዘው ሥራ አጭር ነው፤ ቤት ውስጥ ከተገኘ ነገር፣ ከሽቦ ማንጠልጠያም ሆነ ከጠርሙስ ክዳን፣ ራሱን ችሎ የሚቆም ቅርጽ ይሠራ፤ ግን ምንም ነገር እንዳይመስል። የተመረጠው አንድ ሥራ፣ መንገድ ዳር ባለው የክፍሉ መስኮት ላይ ይቀመጣል። ደንበኞቿ የሚያልፉት በዚያው ነውና ልብስ ሰፊዋ መስኮቱን ክፉኛ ተመኘችው።

እጇ ግን እምቢ አላት። ዕድሜ ልኩን ጨርቁን እጅጌና ኮሌታ ሲያስመስል የኖረ እጅ፣ ሽቦውን ቢያጣምመው ኮት ወጣው፤ አፍርሶ ቢጀምር ቀሚስ።

ታናሿ፣ ሚጣ የሚሏት፣ ቁልፍ እንኳ መትከል የማትችለዋ፣ የድስት መፈግፈጊያ ሽቦውን ማንጠልጠያ ላይ እየሳቀች ጠቀለለችና ቁጭ አደረገችው።

"ይሄ ነው እንግዲህ ምንም የማይመስል!" አለ አስተማሪው።

"ድሮም ለእሷ ሁሉ ነገር በጨዋታ ነው" አለች ልብስ ሰፊዋ በልቧ፤ የሽቦ ቀሚሱን ጭምድድ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ ጣለችው።

ሌሎቹ ለእረፍት ሲወጡ እሷ ቀረች። ከቦርሳዋ መርፌና ሁለት ትልልቅ ጥቁር ቁልፎች አወጣችና የሚጣ ሥራ ላይ ጎን ለጎን ሰፋቻቸው።

አስተማሪው ሲመለስ ሳቁ አመለጠው። "ይሄማ ጉጉት ሆነ!" ዞር ሲል የተጨማደደውን ሽቦ አየ። "ይሄኛው ግን እውነትም ምንም አይመስልም። መስኮቱ የዚህ ነው።"

ሚጣ ቁልፎቹን በጣቷ ዳሰሰች። ክሩ በመስቀልኛ የገባ፣ ከሥሩም ጥብቅ ተደርጎ የተጠመጠመ።

"እትዬ" አለች ቀስ ብላ፣ "ለተንኮል እንኳ ስፌት ማበላሸት አይሆንልሽም አይደል?"

ጉጉቷን አቅፋ ወጣች።

ልብስ ሰፊዋ መስኮቱን አገኘች፤ ደንበኞቿ ግን ዝም ብለው ያልፋሉ። አንዷማ "ይሄን ቆሻሻ የሚያነሳ ጠፋ?" አለቻት። የሚጣ ቤት ደግሞ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ጉጉት ለማየት ይጋፋል።

ይሄን ስትሰማ አላስችል አላት። ሄዳ በሩን ደበደበች።

"ቁልፎቼን መልሺ!"

"ዓይኗን ላውጣ? እኔ ይሄን አንጀት ከየት አምጥቼ! ነይ ግቢ፣ ራስሽ ፍቺው።"

ገባች፤ መቀስ አነሳች። ጉጉቷ አፈጠጠችባት። ልጆቹም አፈጠጡባት። አንዱን ቁልፍ ያዝ አድርጋ ነቅነቅ አደረገችው፤ ከልጆቹ ጉተታ ብዛት ላልቷል።

"እንዲህ ነው የሰው ሥራ የሚያዝ?" አለች ተቆጥታ፤ መቀሱን አስቀመጠች። "መርፌ አምጪ።"