የአልፌ ጀልባ አላርም

በእኛ ወደብ ጀልባ የሚጠራው በሚስት ስም ነው። ባሌ አልፌም ሠላሳ ዓመት ያለፋትን ጀልባውን ዘሊ ብሎ በእኔ ስም ጠርቷታል። ስለዚህ እሷ በታመመች ቁጥር የሰፈሩ አፍ እኔ ላይ ነው። በዚያ ሳምንትም ጎረቤታችን ኦኔዚም በመጣ ቁጥር፣ «ዘሊ ዛሬም ዝም አለች? ታድለህ አልፌ! የእኔዋ ዝም ብላ አታውቅም» ይል ነበር።

ዝም ያለው የሞተሩ ዘይት ግፊት ሲወርድ ወይም ሞተሩ ሲግል የሚጮኸው አላርሟ ነው። ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ገና ሳይነሳ የዘይት ግፊት ስለማይኖር አላርሙ መጮህ አለበት። አልፌ ቢከፍት ቢዘጋ ግን ጭጭ። የዘይቱን ሴንሰር ቀየረ። የሙቀቱንም ቀየረ። ጨው የበላቸውን የሽቦ ጫፎች ፍቆ እንደገና አሰረ። ወይ ፍንክች። ሰኞ ደግሞ የሎብስተር ወጥመድ ባሕር ውስጥ የሚጣልበት ቀን ነው፤ እሱም የሚወጣው ብቻውን ነው። ያ አሮጌ ሞተር መጋሉን ሳያውቅ ቢቃጠልበት፣ ነፋሱ ወስዶ ከዓለት ጋር ነው የሚያላትመው። ልጃችን ከሞንክተን ከተማ እየደወለ «አባዬን በቃህ በዪው፣ ጀልባዋን ሽጡ» ይለኛል። እኔ ግን አልፌን ያለ ባሕር ላስበው አልችልም።

ቅዳሜ ጠዋት፣ «ነይ እስቲ ቁልፍ ያዢልኝ» አለኝ።

«እኔ መካኒክ ነኝ?»

«መካኒክማ አይደለሽም። ሥራ ፈት ነሽ።»

እያጉረመረምኩ ሄድኩ። እሱ የሞተሩን ክዳን አንሥቶ ወደ ታች ገባ፤ እኔ መሪው ጋ ቆምኩ።

«የሴንሰሩን ሽቦ ነቅዬ ከሞተሩ ብረት ጋር አነካካዋለሁ» አለኝ። «ከጮኸ ጥፋቱ የሴንሰሩ ነው። ካልጮኸ የራሱ የአላርሙ ነው። ቁልፉን ክፈቺ።»

ከፈትኩ። ሽቦውን ሲያስነካው ከመሪው ሥር አንድ ቀጭን ጩኸት ጆሮዬን በሳው።

«ይኸውልሽ» አለ ከታች። «ሞቷል።»

«አንተ ሰውዬ፣ ቀልድህን ተው።»

«የምን ቀልድ? ሽቦው ብረቱን ነክቷል እኮ። ትንፍሽ አላለም።»

አጎንብሼ አየሁት። ጉንጩ በዘይት ተለቅልቆ፣ አንገቱን አዘንብሎ ለመስማት ይጥራል። ያን ጊዜ ገባኝ። የእኔን ቁጣ ይሰማል፣ የኦኔዚምን ነገር ይሰማል፤ የቀጠነ ድምፅ ግን እሱ ዘንድ አይደርስም። የምድጃው ሰዓት አጠገቡ እየጮኸ ዳቦዬ ሲያርር የእሱ ስንፍና ነበር የሚመስለኝ።

ለአፍታ መዋሸት አማረኝ። «አዎ፣ ሞቷል» ብዬ ብነግረው አዲስ ገዝቶ ያስራል፤ እሱንም አይሰማውም፤ ሰኞም ይወጣል። ባሕር ግን በውሸት አይታለፍም። ደግሞም እወደዋለሁ።

«ሽቦውን እዚያው እሰረውና ና» አልኩት።

ሲወጣ እጁን ይዤ መዳፉን አላርሙ ላይ አሳረፍኩት። አላርሙ እንደ ተያዘች ንብ ይንቀጠቀጣል። አልፌ መጀመሪያ እጁን አየ፣ ቀጥሎ እኔን።

«እየጮኸ ነው?»

«እየጮኸ ነው።»

«አሁን?»

«አሁን፣ አልፌ።»

እጁን አላነሣም። ስለ ሰኞ ወይም ስለ ልጃችን ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ።

«ዘሊ» አለኝ በመጨረሻ፣ «ድሮ ሳህን ስታጥቢ ታንጎራጉሪ ነበር።»

«አዎ።»

«ከገና ወዲህ ተውሽው። ምን አስቀይሜያት ይሆን እያልኩ የበረዶውን ወራት ሙሉ ስብሰለሰል ከረምኩ።»

ማንጎራጎሬን አንድ ቀን እንኳ አልተውኩም። ይህን ልነግረው አፌን ስከፍት ዕንባዬ ቀደመኝ። እሱም ሳልነግረው ገባው።

ከአላርሙ ጎን፣ አላርሙ ሲጮኽ አብሮ የሚበራ ትልቅ ቀይ አምፖል አሰርንለት። ሰኞ ንጋት ሚስቶች ሁሉ እንደ ልማዳችን ወደቡ ላይ ቆመው ሲሸኙ፣ እኔ ጀልባዋ ላይ ከአልፌ ጎን ነበርኩ። ከወደቡ ስንርቅ አፌን ወደ ጆሮው አስጠግቼ፣ ድምፄን እንደ ወንድ አወፍሬ አንጎራጎርኩለት።

«አሁንስ ይሰማሃል?»

«ይሰማኛል» አለና እጄን ያዘኝ። «እንዳታቆሚ።»