ለቹን ሆክ የሚንበረከክ

«እናት ለልጇ አትንበረከክም፤ የሚንበረከክለት ታናሹ ነው» አለ የታኦ እምነት ካህኑ፣ ቢ ልያን ከልጇ ከቹን ሆክ ሬሳ ሣጥን ሥር ልታስቀምጥ ያጎነበሰችበትን የሩዝ ሳህን ከእጇ እየተቀበለ።

«ታናሽ ከየት ላምጣ? ሚስት የለው፣ ልጅ የለው!»

«እንግዲያው ነገ ሳይበላ ይሸኛል። ተርቦ የሄደ ደግሞ ተርቦ ይቀራል።»

ሻይ ይዘው የተቀመጡት ለቀስተኞች የሐብሐብ ፍሬ መቆርጠማቸውን አቆሙ። «ያቺ ቶፉ ሻጭ ብትኖር ኖሮ…» አለች አንዷ። «ዝም በይ፣ ትሰማሻለች!» አለች ሌላዋ። ቢ ልያን ግን ሰምታለች።

ቹን ሆክ የሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሰው፣ የጀልባ ሞተር ጠጋኝ ነበር። ቤታቸው ቶፉ የሚባለውን የአኩሪ አተር አይብ የሚወድ ሳይኖር ሁለት ዓመት ሙሉ በየማለዳው ቶፉ ገዝቶ ይገባል። እናቱ ሞኝ አይደለችም፤ ቶፉውን ለድመቶቹ እየጣለች ነገሩን አጣራች። ድመቶቹ ወፈሩ፣ ሻጯም ባሏ የሞተባት ሴት ሆና ተገኘች። «ባሏን የበላች ልጄንም ትበላለች! እኔ እያለሁ ደጄን አትረግጥም!» ብላ ገበያ መሃል ጮኸችባት። ልጇ አልተከራከረም፣ ቶፉ ማምጣቱንም አልተወም። ባለፈው ማክሰኞ የጭነት መኪና ከነሞተር ብስክሌቱ ገጨው።

ቢ ልያን ቅርጫቷን አንስታ ወጣች። የማሌዥያዋ ጆርጅታውን የቻይናዎች ሰፈር ገበያ፣ ቤቱ ሬሳ ያለበትን ሰው አይወድም። ዓሣ ሻጩ ገና ከሩቅ ሲያያት «እማማ፣ እዚያው ይቁሙ! እኔ አመጣልዎታለሁ!» አለ። ዓሣውን መሬት ላይ አኑሮላት ወደኋላ ተመለሰ።

ከቶፉ ሻጯ ከሲው ፔንግ መደብ ፊት፣ ከቦዩ ማዶ ቆመች። ሲው ፔንግ ቶፉ እየቆረጠች ነበር። ቀና አላለችም።

«አልበላሁትም እኮ፣ እማማ» አለች። «አንድ ቀን እንኳ ጣሪያዬ ሥር ሳያድር ሞተ።»

ቢ ልያን ወደ ቦዩ ጠርዝ ቀረበች። «የበላሁት እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ደስታውን የበላሁበት እኔ ነኝ። ስደቢኝ፣ ምቺኝ። ብቻ መጥተሽ ተንበርከኪለት፤ ተርቦ አይሂድብኝ!»

«የሚስት ማቅ ልበሺ ነው የሚሉኝ? ሁለት ባል የቀበረች ከተባልኩ ከእኔ ማን ይገዛል?»

«ማንም» አለች ቢ ልያን። ዋሽታ ለመለመን አቅም አልነበራትም።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! እንዳትሰሚያት ልጄ!» አለች ጎመን ሻጯ ከጎን።

ሲው ፔንግ ቢላዋዋን አጠበች። ቶፉውን በጨርቅ ሸፈነችና ቦዩን ተሻገረች። «ዓሣውን ይስጡኝ» አለች።

ከሰዓት በኋላ ሻካራውን ማቅ ለብሳ ሣጥኑ ፊት ተንበረከከች። በዝንጅብል የበሰለውን ዓሣ ከሩዙ ጎን አስቀመጠች። ሰው ሁሉ ትነሣለች ብሎ ሲጠብቅ በጣቶቿ አጥንቱን መልቀም ጀመረች።

«ዓሣው ሳይነካ ነው የሚቀርበው!» አለ ካህኑ።

«አጥንት ይፈራል» አለች ሲው ፔንግ፣ መልቀሟን ሳታቆም። «መደቤ ጋ ምሳ ሲበላ ሁልጊዜ እኔ ነኝ የምለቅምለት።»

እስከ ስምንት ዓመቱ ድረስ የምትለቅምለት ቢ ልያን ነበረች። ከዚያ ወዲህ ማን እንደሚለቅምለት አንድ ቀን እንኳ ጠይቃ አታውቅም። መጥታ ከሲው ፔንግ ጎን መሬት ላይ ተቀመጠች። ምግቡን አልነካችም። መዳፏን ብቻ ዘረጋች፤ አጥንቶቹንም አንድ በአንድ ተቀበለቻት።