የጀልባዋ ቆዳ

"ቀስ በሉ፣ እንዳታላትሙት" አለ አስናቀው፣ ሳንቃውን ከአይሱዙው ለሚያወርዱት ሁለት ሰዎች። ለሳንቃው አዝኖ አይደለም፤ ማስረጃው እንዳይበላሽበት ነው። ከግቢው በር እስከ ወይራው ጥላ ድረስ ከኋላቸው ከኋላቸው ሄደ። መሬት እንዳስቀመጡት ጎንበስ ብሎ አሸተተው።

"ውሃ ውስጥ የከረመ እንጨት እንዲህ ይደርቃል?"

"ከጣና መካነ ሰላም ድረስ ፀሐይ ሲመታው የመጣ ነገር እንዴት ሆኖ ይረጥባል?" አለችው ሚስቱ ሸጋዬ ከቤቱ ደጃፍ። "ደግሞ ሰውየው ሳይቀመጥ ጀመርከው።"

ሰውየው በእውቀቱ ነው። የልጃቸው የየኔአለም እጮኛ፣ የዚያው ሰፈር ልጅ፣ ባሕር ዳር ሄዶ በጀልባ ሥራ የሰነበተ። ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጦ ሳንቃውን አጅቦ መጥቶ፣ አቧራውን ሳያራግፍ ከአጥሩ ሥር ቆሟል። አስናቀው የእግዜር ሰላምታ እንኳ በግማሽ አፉ ነው የሰጠው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኔአለም ዱባይ የሰው ቤት ስታጸዳ ያጠራቀመችውን ልካ፣ ከበእውቀቱ ጋር በእኩል አንዲት አሮጌ የእንጨት የጭነት ጀልባ ገዙ። እሷ ስትመለስ ተጋብተው በጀልባዋ ገቢ ሊኖሩ። አስናቀው በልጁ ፈንታ ባለቤት ተባለ እንጂ ጀልባዋን በዓይኑ አይቷት አያውቅም። የሰፈሩ ሰው "ላም አለኝ በሰማይ" እያለ ሲቀልድበት እሱም አብሮ ይስቅ ነበር። ኋላ በእውቀቱ ደወለና "ነፋስ ገፍቶ ከድንጋይ አጋጫት፤ ተሰብራለች" አለው። የአስናቀው ሳቅ እዚያው ላይ ቆመ።

አስናቀው የሚያውቀው ሕግ የከብት ሕግ ነው። ላሙን ለርቢ የሰጠ፣ ማለትም ሌላ ሰው እያረባ ጥጃውን እንዲካፈለው የሰጠ፣ ላሟ ሞተች ሲባል ቆዳዋን ይጠይቃል። አርቢው ቆዳ ይዞ ከመጣ "እግዜር ይተካ" ተባብለው ይለያያሉ፤ ካልመጣ ላሟ ገበያ ወጥታለች ማለት ነው። ስለዚህ በስልክ "ቆዳዋን አምጣ" አለው። "ከቁስሏ በኩል ያለውን፤ ሌላ እንዳታመጣብኝ።" በእውቀቱ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ያቺ ሳቅ ከአስናቀው ሆድ ገብታ አልወጣ አለች። በማግስቱ ለየኔአለም ደውሎ "ልጁ በልቶሻል" አላት። ከዚያ ወዲህ የበእውቀቱን ስልክ አታነሳም። ዛሬ ሽማግሌ የተጠራውም ለዚሁ ነው፤ ሰርቋል ከተባለ እጮኝነቱ ይፈርሳል።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ፤ አብዝተው የሚናገሩት ግን ሸህ ሱፍያን ናቸው። ከወይራው ሥር ተቀመጡ፤ ከሳሹ አስናቀው በቀኝ፣ ተከሳሹ በእውቀቱ በግራ፣ ሳንቃው በመካከል። ሸህ ሱፍያን ዱዓ አደረጉ፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም "አሚን" አለ።

"በል አስናቀው፣ ተናገር።"

አስናቀው ከመናገሩ በፊት ተንበርክኮ ጣቱን በሚስማሩ ቀዳዳ ሰደደ። የሳንቃውን ጠርዝ ዳበሰ፤ የተጣመመ ሚስማር አገኘና ነቅንቆ አየው።

"እዩልኝ እንግዲህ። ይሄ ጠርዝ በድጅኖ ተፈልቅቋል። ሚስማሩም የተጣመመው ሲነቀል ነው። ድንጋይ የመታት መሃል ላይ ነው፤ ቀዳዳው ይኸው። ይሄን ደግሞ ሰው ነው ያደረገው። ይቺ ታርዳለች እንጂ አልሞተችም።"

ሁለቱ ሽማግሌዎች እርስ በርሳቸው ተያዩ። አስናቀውን ደስ አለው። የልጁ ሀብት ጠፍቶ፣ ትዳሯ ሊፈርስ ደርሶ፣ እሱ ልክ በመሆኑ ሞቆታል።

"እውነት ነው በእውቀቱ?" አሉ ሸህ ሱፍያን።

"እውነት ነው። በድጅኖ ነው የነቀልነው።"

"ሰማችሁ" አለ አስናቀው።

"ቆይ እስቲ። አብሽር ልጄ፣ አትፍራ። ሲነቀል ጀልባዋ የት ነበረች?"

"ደረቅ ላይ። ሰው ሰብስቤ ከውሃው አውጥተናት ነበር።"

"ካወጣችኋት በኋላ ታዲያ ምን ሊሠራላችሁ ነቀላችሁት?"

በእውቀቱ አቀረቀረ። "ጋሼ አስናቀው ናቸው ቆዳዋን አምጣ ያሉኝ። አናጢው 'ቀዳዳዋን ለጥፌ አስነሳታለሁ፤ ይሄን ሳንቃ ከነቀልከው ግን እንጨቷ አርጅቷል፣ ዳግም ሚስማር አይዝም' አለኝ። ደውዬ ነገርኳቸው። 'የሞተች ላም ትታከማለች ወይ?' ብለው ዘጉብኝ። የኔአለም ስልኬን አታነሳም። ሌባ ተብዬ ከምቀር ብዬ ነቀልኩት። ጎኗ እንደ አሮጌ ቤት ማገር ተከታትሎ ወረደ። አሁን ማገዶ ናት።"

ሸጋዬ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች።

አስናቀው ያቺን መልሱን አልረሳትም። ኮርቶባት ለጎረቤት ሁሉ አውርቷታል። ውሸት ፍለጋ ልጁን ከእግር እስከ ራሱ አየው፤ ፊቱን፣ ድጅኖው የላጠውን መዳፉን። የሚይዘው አጣ። አፈረ፤ ጆሮው ድረስ እስኪሰማው አፈረ።

"እንግዲህ ከሳሽ፣ ምን ትላለህ?" አሉ ሸህ ሱፍያን።

አስናቀው ተነሳ። ሳንቃውን ዞሮ ከበእውቀቱ ጎን ቁጭ አለ።

"ያንተ ቦታ እኮ ያ ነው" አለ አንዱ ሽማግሌ ወደ ቀኝ እያመለከተ።

"አውቃለሁ። እሱ ይሂድበት።"

በእውቀቱ ግን ካለበት አልተነሳም። ትንሽ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀለት እንጂ።

ሸህ ሱፍያን ጢማቸውን እያሻሹ ሁለቱን አዩአቸው። "የጀልባዋን ነገር ቀስ ብለን እናየዋለን። ይቺ ልጅ ግን እጮኛዬ ሌባ ነው ብላ እያለቀሰች ነው። ማን ይንገራት?"

"እኔ" አለ አስናቀው፣ ስልኩን ከኮቱ ኪስ እያወጣ። "አሁኑኑ። እሱ እየሰማ።"