«ብርድ ልብስ ነው»

እትዬ ሸራ በሕይወታቸው አንድም ቀን «ወራጅ አለ» ብለው አያውቁም። ታክሲ ውስጥ ይቀመጡና ሌላ ሰው እስኪወርድ ይጠብቃሉ። ያ ሰው የእሳቸውን ሰፈር አልፎ፣ ዳገቱን ጨርሶ ቢወርድ፣ እሳቸውም እዚያው ዱብ ይሉና ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው ያን ሁሉ መንገድ በእግራቸው ይመለሳሉ። ለምን ሲባሉ «ሰው ላስቸግር እንዴ?» ነው መልሳቸው። ማቆም የሹፌሩ ሥራ ነው ብሎ ማን ያስረዳቸው! ባላቸው በሕይወት ሳሉ «አንቺ ሴትዮ፣ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ጎረቤት እንዳይረበሽ ብለሽ በሹክሹክታ ነው ኡኡ የምትይው» እያሉ ይስቁባቸው ነበር። አይ ይሉኝታ! እንዲህ ያለ ሰው ያሳዝናልም፣ ያናድዳልም።

ሸራ የሚለው ስም የወጣላቸው ከሥራቸው ነው። የጭነት መኪና ሸራ፣ የድንኳን ክዳን፣ የወንበር ልብስ፣ ብቻ ወፍራም ጨርቅ የሆነ ሁሉ በእሳቸው የስፌት መኪና ሥር ያልፋል። ሱቃቸው ከመኖሪያ ቤታቸው ጋር የተያያዘች ጠባብ ክፍል ናት። ውሻቸው ዳኛው ከስፌት መኪናው ፔዳል አጠገብ ተጋድሞ ይውላል። ዳኛው ያሉት በፊቱ ምክንያት ነው። ጆሮው የተንጠለጠለ፣ ቅንድቡ የከበደ፣ ገቢ ወጪውን ሁሉ ጥፋተኛ አድርጎ የሚያይ ትንሽ ቡናማ ውሻ ነው። ባላቸው ካረፉ ወዲህ በዚያ ቤት ውስጥ ከእሳቸው ሌላ የሚተነፍስ ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

ታዲያ ሰሞኑን ሩቅ ከተማ የሚኖረው ልጃቸው ደወለ። «እማዬ፣ ብቻሽን አትኖሪም፣ አለቀ! እኔ ጋ ትመጫለሽ» አለ። እሺ አሉ። «ሥራም በቃሽ፣ ከእንግዲህ ማረፍ ነው» አለ። እሺ አሉ። «ውሻው ግን አይሆንም፤ የውሻ ፀጉር ሚስቴን ያስነጥሳታል። ለሰው ስጪው» አለ። እሱንም እሺ አሉ። ልጁ ክፉ አይደለም። እናቱን ይወዳል፤ ብቻ ጥያቄ ሲጠይቅ መልሱን አብሮ ይዞ የሚመጣ ሰው ነው። እትዬ ሸራ ስልኩን ዘግተው ዳኛውን አዩት፤ ዳኛውም አያቸው። «እንዲህ አትየኝ» አሉት። «ምን ልበለው ታዲያ?»

ለሰው መስጠቱ አልሆነላቸውም። አንጀታቸው እንቢ አለ። ይዘውት ሊሄዱ ቆረጡና፣ ልጃቸው በር ላይ ሲያየው ምን ይላል የሚለውን በሩ ጋ ሲደርሱ ሊያስቡበት ተዉት።

የእንስሳት ሐኪም ጠይቀው የተባሉትን ሁሉ አደረጉ። እንዳያስመልሰው ብለው ጠዋት ምግብ አልሰጡትም። እንዲደክመው ሰፈሩን አዙረው አንሸራሸሩት። ሽታቸውን እያሸተተ እንዲረጋጋ የራሳቸውን አሮጌ ሹራብ ከሥሩ አነጠፉለት። የሚይዙበትን ቦርሳም በገዛ እጃቸው ሰፉት፤ ወለሉ ጠንከር ያለ፣ ግራና ቀኙ አየር የሚያስገባ መረብ፣ ዚፑ በአፍንጫ ተገፍቶ የማይከፈት። ሐኪሙ አገላብጦ አይቶ «ይሄማ ሰውም ቢገባበት ይመቸዋል» አለ። እዚያ ላይ ቢያቆሙ ምን ነበረበት! ግን ሰው አይቶ ቢያጉረመርምስ ብለው በሁለቱም መረብ ላይ የሸራ ክዳን ጨመሩ፤ ወደ ታች ተለቆ በአዝራር የሚዘጋ። ዝናብ የማያስገባ ሸራ አየርም አያስገባም። ዕድሜ ልካቸውን ሸራ የሰፉ ሴት ይሄን አጥተውት አይደለም። «ለትንሽ ጊዜ ነው፤ ወንበሬ ላይ ስቀመጥ እከፍትለታለሁ» አሉ።

ለአውቶቡሱ ረዳት የሚሉትንም ቤት ውስጥ ተለማምደዋል። «ልጄ፣ ትንሽ ውሻ ይዣለሁ፣ እግሬ ሥር ይቀመጣል፣ ተጨማሪ ክፈይ ካልከኝም እከፍላለሁ።» ቀላል ነው። መናኸሪያው ግን እንደ ቤት አይደለም፤ ሰልፉ ከኋላ ይገፋል፣ ጡሩንባ ይጮኻል። ረዳቱ ፂሙ ሸበት ያለ፣ ድምፁ የጎረነነ ጎልማሳ ነው። እትዬ ሸራ ሻንጣቸውን ቀድመው አስጭነው፣ ክዳኖቹን ዘግተው፣ ቦርሳውን ደረታቸው ላይ አቅፈው በሩ ጋ ደረሱ።

«ማዘር፣ ይሄ ምንድነው?»

አፋቸውን ከፈቱ። ከኋላቸው አንዱ «ኧረ ቶሎ በሉ፣ ፀሐዩ ፈጀን!» አለ።

«ብርድ ልብስ ነው» አሉ።

«ብርድ ልብስ ከሆነማ ታች ይግባ፤ ላይ ቦታ የለም» አለና ረዳቱ ቦርሳውን ላፍ አድርጎ ወሰደው። የአውቶቡሱን ጎን ከፍቶ፣ በሻንጣና በጆንያ መካከል ወሸቀውና መዝጊያውን ጓ አደረገው። ዳኛው ጭጭ አለ። ሰው ሲመጣ ጭጭ እንዲል ያስተማሩት እሳቸው ናቸው።

ወንበራቸው በመስኮቱ በኩል ነው። ከጎናቸው አንድ ፍራሽ ነጋዴ መጥቶ ተቀመጠና መውጫውን በሰፊ ገላው ዘጋው። «ማዘር፣ እኔ መኪና ላይ እንቅልፍ የሚባል አይወስደኝም፤ እየተጫወትን እንሄዳለን» አለ። ነገሩን በቅጡ ሳይጨርስ ራሱን ትከሻቸው ላይ ጥሎ ማንኮራፋት ጀመረ። መስኮቱ አይከፈትም። ፀሐዩ በመስታወቱ ገብቶ ጉልበታቸውን ይፈጃል። ላይ እንዲህ ከሆነ ታች ምን ሊሆን ነው? ብረት ነው፣ ጨለማ ነው፣ ሞተሩም እዚያው ነው። በዚያ ላይ በገዛ እጃቸው የዘጓቸው ሁለት ክዳኖች! ላብ አጠመቃቸው።

«አሁን እነግረዋለሁ» አሉ በሆዳቸው። «ከተማውን እንውጣና እነግረዋለሁ።» ከተማውን ወጡ። «ዳገቱን ይጨርስና።» ዳገቱን ጨረሰ። «ሂሳብ ሰብስቦ ይቀመጥና።» ሰብስቦ ተቀመጠ። እሳቸውም ተቀምጠዋል።

ከወለሉ በታች ጭረት ተሰማ። ቆየት ብሎ ዱብ፣ ዱብ። ዳኛው ነው። በር ሲዘጋበት እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ ይቧጥጥና ይቧጥጥና በጀርባው ይመታዋል። አንድ ጫማቸውን አውልቀው በእግራቸው ጣት ወለሉን መታ መታ አደረጉለት፣ አለሁ ለማለት። ምን ያደርግለታል? አለሁ ማለት አየር አይሆን!

እጃቸውን አነሱ፤ እስከ ግማሽ። ረዳቱ አያቸውና ፈጠን ብሎ መጣ። እሰይ!

«አመመዎት እንዴ ማዘር?»

«አይ… እኔ እንኳ… ታች ያለው…»

«አይዞዎት፣ መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፣ ብዙ ሰው ያዞረዋል» አለና ከኪሱ ፌስታል አውጥቶ እጃቸው ላይ አደረገ። «ቢመጣብዎት እዚህ ውስጥ። አይፈሩ፣ የለመድነው ነው።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አሉ እትዬ ሸራ። ወይ ጉድ! ውሻቸው ታች እየታፈነ፣ እሳቸው ፌስታል ተቀብለው ያመሰግናሉ።

ከፊት ወንበር ልጅ ያቀፈች ሴት ተነሳች። «ሹፌር፣ ልጁ ሊሸና ነው፤ እባክህ አንዴ አቁምልን» አለች። እትዬ ሸራ ልባቸው ዘለለ። ቢቆም እኮ እሳቸውም ወርደው ቀስ ብለው ከፈት ያደርጉለታል፣ ማንም ሳያይ! ሹፌሩ ግን በመስታወቱ ገላመጣትና «ምሳ ቦታ ነው የምንቆመው። ሁሉም በየደረሰበት ካስቆመኝ መቼ ልደርስ ነው?» አለ። «እውነቱን ነው!» አለ አንዱ ከኋላ። «ልጅ ይዞ መንገድ ደግሞ!» አለች ሌላዋ። ሴትዮዋ ተሸማቃ ተቀመጠች። እትዬ ሸራም ወንበራቸው ውስጥ ኩምትር አሉ። ልጅ ላቀፈች እንዲህ ካሉ፣ ውሻ ደብቃ ለመጣችውማ ምን ሊሉ ነው?

ይሄኔ ስልካቸው ጮኸ። ልጃቸው ነው።

«እማዬ፣ ተመቸሽ?»

«በጣም።»

«ውሻውን ለማን ሰጠሽው?»

ከወለሉ በታች አንድ ጊዜ ዱብ አለ፤ ቀስ ብሎ፣ እንደ መጀመሪያው አይደለም።

«ለ… ለጎረቤት።»

«ጎበዝ እናቴ! ለስፌት መኪናውም ገዢ አግኝቻለሁ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሄዶ ያነሳዋል። ከእንግዲህ መሥራት የሚባል የለም። እሺ?»

«እሺ» አሉ።

ስልኩን ዘግተው ጆሯቸውን ቀሰሩ። ጭረት የለም። በእግራቸው ጣት መታ መታ አደረጉ። ዝም። ደግመው መቱ። ዝም። የሚሰማው የሞተሩ ድምፅና የፍራሽ ነጋዴው ማንኮራፋት ብቻ ነው።

ሰው ምን ይለኛል፣ ሰው ምን ይለኛል ሲሉ፣ ሰው ምንም ሳይላቸው ዳኛው ሊሞት ነው። ደግሞስ ዳኛው ብቻ ነው? ቤታቸውን፣ ሱቃቸውን፣ የስፌት መኪናቸውን፣ ሁሉንም በ«እሺ» አሳልፈው ሰጥተዋል። ይሄን ጉዞ አንድ ቀን እንኳ ፈልገውት አያውቁም! ንዴት ይሁን ፍርሃት እንጃ፣ የፊተኛውን ወንበር በሁለት እጃቸው ጨበጡ።

«ወራጅ አለ!»

ማነው የጮኸው? እሳቸው ራሳቸው ዞር ብለው ሊያዩ ምንም አልቀራቸው። ፍራሽ ነጋዴው «ተገለበጥን? ተገለበጥን?» እያለ ከእንቅልፉ ብድግ አለ።

«ማዘር፣ እዚህ ምንም የለም እኮ፣ ሜዳ ነው» አለ ረዳቱ።

«ወራጅ አለ አልኩ! ብርድ ልብስ አይደለም፣ ውሻ ነው! ዋሽቼህ ነው! ታፍኖ ሊሞትብኝ ነው! አቁም በለው! አቁም!»

ሹፌሩ ፍሬን ያዘ። እትዬ ሸራ ነጋዴውን ገፍተው (እሳቸው! ሰው ገፍተው!) የሰው እግር እየረገጡ፣ ይቅርታ እንኳ ሳይሉ፣ በአንድ እግር ጫማ ወረዱ። ረዳቱ ቀድሞ መዝጊያውን ከፍቷል። ከውስጥ የወጣው ሙቀት ፊት ይገርፋል። ቦርሳውን ከጆንያው ሥር ጎትቶ አወጣው። እትዬ ሸራ አዝራሩን ለመፍታት ታገሉ፤ አጥብቀው የሰፉት አዝራር አልላቀቅ አለ። ከኪሳቸው የማትጠፋውን መቀስ አወጡና የገዛ ሥራቸውን ከላይ እስከ ታች ተረተሩት።

ዳኛው በጎኑ ተጋድሟል። ምላሱ ወጥቷል፤ ሹራቡ በለሃጩ ርሷል።

«ዳኛው» አሉት። «ዳኛው፣ የኔ አባት፣ እኔን ያድርገኝ!»

አልተንቀሳቀሰም። ያቺ ልጅ ያቀፈችው ሴት የውሃ ጠርሙስ ይዛ አጠገባቸው ተንበረከከች። «ሆዱንና እግሩን ያርጥቡት፣ አፉ ውስጥ አያፍሱ» አለች። አረጠቡት። ሹፌሩም ወርዶ በኮፍያው ያራግብለት ጀመር። የጎኑ አጥንት ከፍ አለ፤ ቆይቶ ዝቅ አለ። እንደገና ከፍ አለ። በመጨረሻ አንድ ዓይኑን ገለጠና እትዬ ሸራን አያቸው፣ በዚያው ጥፋተኛ አድርጎ በሚያይበት ዓይኑ። እሳቸውም አቧራው ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ።

«ልክ ነህ» አሉት። «ልክ ነህ።»

«ምን ነበረበት ቢነግሩኝ ማዘር?» አለ ረዳቱ፣ እሱም ፊቱ አመድ መስሏል። «እግርዎ ሥር ይቀመጥ ነበር እኮ። ባለፈው አንዱ ድመትና ሁለት ዶሮ ይዞ ተሳፍሯል፤ ማን ከለከለው?»

ማን ከለከለው! ያን ሁሉ ጭንቅ ያዩት ለዚህ ነው። ፍራሽ ነጋዴው በሩ ላይ ቆሞ «ይግቡ ማዘር፣ መስኮቱ ጋ እኔ እቀመጣለሁ፣ እርስዎ በዚህ በኩል ይሁኑ፣ አየር ያገኛል» ይላል። ሌሎቹም ይግቡ፣ ይግቡ ይላሉ። ትንሹ ልጅ በዚህ መሃል ጎማው ላይ ሸንቶ ተገላግሏል።

እትዬ ሸራ ዳኛውን ታቅፈው ተነሱ። ሁሉም ደግ ነው፣ ሁሉም ይግቡ ይላል። የቀድሞዋ እትዬ ሸራ ብትሆን ይሄን ሁሉ ሰው አቁሜ ብላ ሮጣ ትገባ ነበር።

«ሻንጣዬን አውርድልኝ ልጄ» አሉ።

«እንዴ! ወዴት ሊሄዱ?»

«ወራጅ አለ ብያለሁ እኮ። ወራጇ እኔ ነኝ።»

ጀግና ሆኑ እንዳትሉኝ፤ ይሄን ሲሉ ረዳቱን ቀና ብለው አላዩትም። አውቶቡሱ ሲሄድ ደረታቸው ውስጥ የሸጎጡትን የቤታቸውን ቁልፍ ዳበሱና መኖሩን አረጋገጡ። አንድ ጫማቸው ግን ከፍራሽ ነጋዴው ጋር ሄዷል። መንገዱን ተሻግረው ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ሴትዮዋ ከተወችላቸው ጠርሙስ ዳኛውን በእፍኛቸው ውሃ አጠጡት። ድፍረቱ ሳይከዳቸው ልጃቸው ጋ ደወሉ።

«ወደ ቤቴ እየተመለስኩ ነው» አሉት። «የስፌት መኪናዬ አይሸጥም።»

«እማዬ… ተቀየምሽኝ?»

«አልተቀየምኩህም። መጥቼ እጠይቃችኋለሁ። ዳኛው እኔ ጋ ነው፤ ለጎረቤት ሰጠሁ ያልኩህ ውሸት ነው።» ከዚያ «እሺ?» አሉት። እሺ እስኪል ጠበቁት።

«እሺ» አለ ልጁ።

ወደ ኋላ የሚመለስ አውቶቡስ ከሩቅ ብቅ አለ። እጃቸውን አነሱ፤ እስከ ላይ። ቆመላቸው። የዚህኛው ረዳት በሩን ከፍቶ አንድ እግራቸው ባዶ የሆነውን ሴትዮና የተተረተረውን ቦርሳ አየ። ከኋላው ተሳፋሪው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ያያል።

«ማዘር፣ ቦርሳው ውስጥ ምንድነው?»

«ውሻ ነው» አሉ እትዬ ሸራ፣ የኋላው ወንበር ድረስ እንዲሰማ አድርገው።