ሴት ያጠመደችው ሸርጣን

ባሏ ከሞተ ወዲህ ኦሌታ ጀልባውን ራሷ እየነዳች ሸርጣን ማጥመድ ያዘች፤ የደሴቱ ወንድ ሁሉ ጥርሱን ነከሰባት። በአሜሪካ በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ሴት የረገጠችው ጀልባ ገድ የለውም ይባላል። ማን አየው ቢባል ግን ሁሉም ሲባል ሰማሁ ነው የሚለው።

ቅዳሜ ጠዋት ያጠመደችውን ይዛ ስትመለስ የአጥማጆቹ አለቃ ካፒቴን ኤልሞር የጀልባ ማቆሚያው ላይ ጠበቃት።

“ስሚ ልጄ፣ ጀልባውን ሽጪው። ከሰኞ ጀምሮ እዚህ ቦታ የለሽም።”

“ባሌ በተከለው ምሰሶ ላይ ነው የማስረው። ማን ሊፈታው ነው? እርስዎ?”

“ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል ሲባል አልሰማሽም?”

“ሰምቻለሁ። ይህን ያለውም ወንድ ነው።”

ደሟ እንደፈላ ቤቷ ገባች። ሸርጣኖቹን በእንፋሎት አብስላ ሥጋቸውን በትንሿ ቢላዋ ፈለፈለች። ለስላሳ አይብ፣ ማዮኔዝ፣ ሰናፍጭና ሎሚ አዋሕዳ ትልልቁን ሥጋ መጨረሻ ላይ ጨመረች። ይህን በብስኩት የሚበላ ማጥቀሻ የሚያማስል ሰው አትወድም፤ ሥጋው እንዳይፈርስ ከሥር ወደ ላይ በቀስታ ገለበጠችው። ከዚያ ምድጃ ውስጥ ከተተችው።

ማን እንዳጠመደው ሳትናገር ብታቀርበው ወንዶቹ ጠርገው እንደሚበሉት ታውቃለች። ሰኞ ግን የጀልባዋን ገመድ ይፈቱታል። ያ ደግሞ ለእሷ እንጀራዋን መቁረጥ ነው።

ማታ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ራት ላይ ትኩሱን ሳህን ከነብስኩቱ መሐል ጠረጴዛ አስቀመጠችው። ሁሉም ቤት የየራሱን ምግብ ይዞ በሚመጣበት በዚያ ራት ሳይነካ የተመለሰ ሳህን ለቤቱ ውርደት ነው።

“ሸርጣኑን ያጠመድኩት እኔ ነኝ” አለች ጮክ ብላ። “ገድ የሚፈራ አይብላ!”

የወንዶቹ እጅ ተሰበሰበ። “በኔ ጉሮሮ አይወርድም” አለ ኤልሞር። ኦሌታ ተቀምጣ ብቻዋን እያጠቀሰች በላች። ፈርታለች። ቢሆንም ዋጠችው።

ያኔ የኤልሞር ሚስት ሂልዳ ተነሥታ ራሷ የሠራችውን የዶሮ ጥብስ ከባሏ ፊት ከደነችው።

“ምን ሆንሽ አንቺ?”

“ይኼም በሴት እጅ ነው የተሠራው። ዕድሜ ልክህን ያጠመድከውን ሸርጣን ማን የፈለፈለው ይመስልሃል? በል ጦምህን እደር!”

ሌሎቹ ሴቶችም ተነሡ። ድንቹ ተከደነ፣ ሥጋው ተከደነ፣ ኬኩ ሳይቀር ተከደነ። ክፍት የቀረው የኦሌታ ሳህን ብቻ ነበር፤ መዓዛው ደግሞ አያስችልም። ወንዶቹ ኤልሞርን አዩት፤ እሱ ሚስቱን አየ። በመጨረሻ ብስኩት አንሥቶ አጠቀሰ።

“ሎሚ በዝቶበታል” አለ እያላመጠ።

“ያማርሩ። ገመዴን ግን እንዳይነኩት።”

“ሰኞ ባሕሩ ላይ ጉም ይኖራል” አለ ሳያያት፣ ሁለተኛውን ብስኩት እያጠቀሰ። “ከጀልባዬ ኋላ ኋላ ነይ።”

ኦሌታ ሳህኑን ወደሱ ገፋ አደረገችው። “እኔ ከፊት ነው የምሄደው፣ ካፒቴን። መንገዱ ከጠፋዎት ይከተሉኝ።”